የደም ስብና የመንገድ ሰላምታ

ባጃጅ የሐዋሳን መንገዶች በሞላባቸው ዓመታት፣ ባሌ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ካለው የጨርቅ ሱቃችን እስከ ቤት ያለችውን አጭር መንገድ እንኳ በእግሩ አይሄዳትም ነበር። ታላቅ ወንድሙ ልቡ ቀጥ ብሎ ድንገት ሲሞት ግን እኔ እንቅልፍ አጣሁ። እየጎተትኩ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ደሙ ሲመረመር መጥፎው ስብ በዝቷል፤ ልብን የሚጠብቀው ጥሩው ስብ ደግሞ አንሷል።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጃችን የምትሆን ሴት ነች። «ምግብዎን ያስተካክሉ፤ በየቀኑም በእግርዎ ይሂዱ። ትንፋሽዎ እስኪፈጥን፣ ላብ እስኪያጠምቅዎ» አለችው። «ከዚያ እንደገና እናየዋለን።»

ባሌ ታዘዘ። በየጧቱ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ ሐይቁ ይወጣል፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ይመለሳል። እኔም ለጎረቤቱ ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ። ከወራት በኋላ ሲመረመር ግን ስቡ ፍንክች አላለም። ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ የምቆጣ ሰው ነኝና ቤት እስክንገባ ስነዘንዘው ሄድኩ።

በማግስቱ አብሬው ወጣሁ። ጉዱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከበራችን ፈቀቅ ሳንል ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሚኖር ደንበኛው አገኘን። ባሌ ባርኔጣውን አወለቀ፣ እጅ ጨበጠ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀ፣ ስለ አማቱ ወገብ ጠየቀ። ቀጥሎ የዕድራችን ዳኛ መጡ። ቀጥሎ አንድ ወዳጁ «ቁርስ ሳትቀምስማ አታልፍም» ብሎ ወደ ቤቱ አስገባንና ቅቤ የጠጣ ጨጨብሳ አቀረበ። ሐይቁን ሳናየው ረፈደ።

«የእግር ጉዞህ ይሄ ነው?» አልኩት ስንወጣ።

«ታዲያ ሰው ዘግቼ ልለፍ? ነጋዴ እኮ ነኝ፤ ጠገበ ይሉኛል።»

«ይበሉህ! እኔን እግዜር ያጽናሽ ከሚሉኝ አንተን ጠገበ ቢሉህ ይሻለኛል» ብዬ እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቱታና የስፖርት ጫማ ገዝቶ መጣ። መጀመሪያ ሰሞን በዚያ ዕድሜው ቱታ ለብሶ መታየት አሳቀቀው። ደግነቱ ቱታ ለብሶ የሚፈጥንን ሰው ማንም ይዞ አያቆምም፤ እሱም እጁን ብቻ እያነሳ ማለፍ ለመደ። የተቀየሙትን እኔ እየዞርኩ አስረዳሁ። ሐኪሟም በሌላ ጊዜ ውጤቱን አይታ ፈገግ አለች። መጥፎው ስብ ቀንሷል፤ ጥሩውም ትንሽ ከፍ ማለት ጀምሯል። «እንዳያቋርጡ» አለችው።

አንድ ጧት ከገበያ ስመለስ ከሩቅ አየሁት፤ ላብ በላብ ሆኖ ወደ እኔ ይመጣል። ቆም ብዬ «እንዴት አደርክ?» አልኩት። እጁን አነሳና እያለከለከ አለፈኝ። ዘወር ብሎ እንኳ አላየኝም። ዘንቢሌን እንዳንጠለጠልኩ መንገድ ዳር ቆሜ፣ ባሏ ዘግቷት ያለፈ ሴት እንዲህ ደስ ሊላት ይችላል ወይ እያልኩ ብቻዬን ሳቅሁ።