ሳል የተገጠመላት ክፍል

የአሳንሰር መካኒኩ ሚስት ባሏን ለሰው ስታስተዋውቅ «ቀን ቀን አሳንሰር ይጠግናል፣ ሲመሽ ቤቴን ያበላሻል» ትል ነበር። ሐሰት የለበትም። ሥራ ቦታው ላይ ቁጥብና ጠንቃቃ የሆነው ሰው እቤቱ ሲገባ ሌላ ነው፤ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ከኩሽናው ጀርባ ወዳለችው ዕቃ ቤት ይሰወራል። እዚያ ኮምፒውተር አለ፣ ፕላስቲክ እያቀለጠ ዕቃ የሚያትም ማሽን አለ፣ ከተጣሉ ስልኮች የተነቀሉ ድምፅ ማጉያዎች አሉ፤ የሽቦውስ ነገር አይወራም። የሚስቱ ዘመዶች ስሙን ትተው «ሽቦው» ነው የሚሉት፤ ያውም ፊት ለፊቱ።

የእጁ ሥራዎች ሁሉ አነሳሳቸው መልካም ነበር። ማቀዝቀዣው በሩ በተከፈተ ቁጥር «አሁን በልተህ የለም እንዴ?» እንዲል ያደረገው ለራሱ ቦርጭ ብሎ ነው። የመጀመሪያው ሰለባ ግን በእንግድነት የመጡት የሚስቱ አለቃ ሆኑ። ሰውዬው የውሃ ጠርሙሱን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ሚስቱ አኩርፋ ሰነበተች፤ እሱም እስክትታረቀው ድረስ ቁጭ ብሎ ማቀዝቀዣውን «አሁን በልተው የለም እንዴ?» እንዲል አሻሻለው።

ጣጣው የመጣው በአማቱ በኩል ነው። እማማ ብቻቸውን የሚኖሩበት ቤት ደረጃው በዛባቸው፣ ጉልበታቸውም እምቢ አለ። ሚስቱ እራት ላይ ነገሩን እንደ ዋዛ ጣል አደረገችው።

«እማዬ ከኛ ጋር ልትኖር ነው። ዕቃ ቤቱን ትለቃለህ።»

የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ። «ሳሎን አይሻላቸውም?»

«እናቴን ሳሎን አስተኝቼ የሰው መሳቂያ ልሁንልህ?»

አማቱን ይጠላ ነበር እንዳትሉ፤ ይወዳቸዋል። ያቺን ዕቃ ቤት ግን የበለጠ ይወዳታል። ማንም «ምን እየሠራህ ነው?» ሳይለው ቁጭ የሚልባት ሌላ ቦታ በዓለም ላይ አልነበረውም።

ስለዚህ ተንኮል አሰበ። መጀመሪያ ክፍሏን ከነበሯ፣ ከነመስኮቷ ኮምፒውተር ላይ ሠራትና አልጋ አስገባባት። አልጋው ገባ። ይህ አልተመቸውም። ግድግዳዎቹን በማውሱ ያዝ እያደረገ ወደ ውስጥ ገፋ ገፋ ሲያደርጋቸው አልጋው በሩ ላይ ተቀረቀረ። ሚስቱን ጠራና ክፍሏን ስክሪኑ ላይ እያሽከረከረ አሳያት።

«እኔም በጣም አዝኛለሁ፤ ግን አይገባም» አላት።

ሚስቱ ለእናቷ ያሰበችውን አልጋ በገመድ ለካች፣ ገመዱን ይዛ ዕቃ ቤቱ ገባችና ወለሉ ላይ ዘረጋችው። አልጋው ገብቶ ለወንበርም ቦታ ይተርፋል።

«ለኮምፒውተርህ መነጽር ግዛለት» አለችውና ወጣች።

እንግዲህ አልጋው እምቢ ካላለ እማማ ራሳቸው እምቢ ይበሉ። አልጋው በገባ ማግስት፣ ሰው ሲቀመጥ የሚያውቅ ሴንሰር ፍራሹ ሥር ደበቀ፤ ትንሽዬ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ከመደርደሪያው ጀርባ ወሸቀ። ከዚያ አጭር ፕሮግራም ጻፈ። ሰው ሲቀመጥ ጥቂት ይታገሣል፣ ግድግዳው ይንኳኳል፣ ቀጥሎ ማንም የሌለበት ቦታ ሰው ያስላል። ማንኳኳቱን በመዶሻ ቀዳው። ሳሉ ግን አስቸገረው፤ የራሱ ሳል የጉንፋን እንጂ የሚያስፈራ አልሆነም።

የሠርጋቸው ካሴት ትዝ አለው። ቀደም ሲል ድምፁን ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጥ፣ ዝምታ ባገኘ ቁጥር እየቆረጠ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ጽፎ ነበር። ፕሮግራሙም ሠርጉን እንደ ሽንኩርት ከትፎ ለየቁራጩ ቁጥር ብቻ ሰጠው፤ የቱ የማን ድምፅ እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም። እያዳመጠ ሲሄድ አንዱ ላይ ቆመ። ሁለቴ ወፈር ያለ ደረቅ ሳል፣ ከዚያ ረዘም ያለ ጉሮሮ መጥረግ። ከመቃብር የመጣ ይመስላል። ሽቦው በደስታ እጁን አፋተገ።

እማማ ክፍሉን ሊያዩ የመጡ ዕለት ትሕትናው ለጉድ ነበር። ቦርሳቸውን ተቀበለ፣ ክንዳቸውን ደገፈ፣ በሩን ከፈተ።

«ይቀመጡ እማማ፣ ፍራሹን ይሞክሩት።»

ተቀመጡ። ግድግዳው ተንኳኳ።

«አይጥ አላችሁ?» አሉ እማማ።

«እንጃ እማማ፤ ይህ ክፍል እንዲያው…» አለ፣ የሚያውቀውን የሚደብቅ ሰው መስሎ።

ከዚያ ሳሉ መጣ።

እማማ አልጮኹም። ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው ቀሩ። በሩ ላይ የቆመችው ሚስቱ የያዘችው ትራስ ከእጇ ወደቀ።

«አባዬ» አለች።

ሽቦው ያኔ ነው የገባው። የሚስቱ አባት ያረፉት ከሠርጉ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ነው፤ ሳላቸውን ለይቶ ለማወቅ እንኳ ጊዜ አላገኘም። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «እማማ፣ እኔ…» ሲል እጃቸውን አንስተው አስቆሙት።

«እዚሁ ነው የምኖረው» አሉ። «ዕቃዬን አምጡልኝ።»

ኮምፒውተሩ ወደ ኮሪደር ተሰደደ። ሚስቱ ያን ዕለት ምን ምን እንዳለችው እዚህ አይጻፍም፤ ማቀዝቀዣው እንኳ ዝም ብሎ ነው የሰማው። ሽቦው ያፈረው ግን ከልቡ ነበር። እማማ ፀሐይ ሊሞቁ ወጣ ሲሉ ጠብቆ፣ ካቻቢቴውን ይዞ ድምፅ ማጉያውን ሊነቅል ገባ። እማማ ተመልሰው በሩ ላይ ያዙት።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ላነሳው ነው እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ክፍሉን እንዳይወዱት ብዬ ነው፤ የማን ሳል እንደሆነ አላወቅሁም።»

«የሞተ ሰው ከመደርደሪያ ጀርባ እንደማያስል የማላውቅ መሰለህ? ሽቦውን ያየሁት ያን ዕለት ነው። እዚህ ቤት ካንተ በቀር ማን ሽቦ ይዘረጋል?» አሉና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ግድግዳው ተንኳኳ፤ ሳሉ ተከተለ። እማማ ጨርሶ እስኪጠፋ ጠበቁት። «ማንኳኳቱን አጥፋልኝ፣ ራስ ምታት ነው። ሳሉን ግን እንዳትነካብኝ።»

«እሺ እማማ።»

ሊወጣ ሲል ጠሩት። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር።

«ሳሉ ብቻ ነው ያለህ? ሲናገርስ የለህም?»

ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ሠርጉን እንደገና ቁራጭ በቁራጭ ሰማው፤ የሰሃን ኳኳታ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የማይክሮፎን ፉጨት። የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ እግሩን እየተሻገረ «ምን እየሠራህ ነው?» ይለዋል። በመጨረሻ ያገኘው ፕሮግራሙ «የማይረባ» ብሎ ለብቻ ከጣላቸው ቁራጮች መሐል ነው። ከማይክሮፎኑ ርቆ የተነገረ ነበርና የውሃ ያህል ቀጥኗል። ያው ሳል፣ ያው ጉሮሮ መጥረግ፣ ከዚያ ሽማግሌው ለሚስታቸው፦ «አንቺ፣ ነይ እንጂ! አጠገቤ ቦታ ይዤልሻለሁ።»

ለሚስቱ አሰማት። አለቀሰች፤ ካኮረፈችበት ቀን ወዲህም ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቡ ተቀመጠች። «እማማን አያስጨንቃቸውም?» አላት። «ጠይቃህ የለ፤ ግጠምላት» አለችው።

ገጠመው። እማማ በራቸውን ዘግተው ተቀመጡ፤ ባልና ሚስት ኮሪደሩ ላይ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ሳሉ መጣ፣ ድምፁ ተከተለ። ከዚያ እማማ፣ ባሏን እንደምትቆጣ ሚስት ጥርት ብሎ በሚሰማ ድምፅ መለሱ፦

«ቆይ እስቲ! ምን ያስቸኩልሃል? ገና አሁን መቀመጤ ነው።»