ሰባተኛው ትሪ

ሚስቱን ከቀበረ ዓመት ከአራት ወሩ ነው፤ አንድም ቀን አላለቀሰም። ዘመድ ወዳጁ "ጠንካራ ነው" አለ፤ እሱ ግን ጥንካሬ እንዳልሆነ ያውቀዋል። ጥርስ ነቃይ ማደንዘዣ ወግቶት ረስቶት የሄደው ሰው ነበር የሚመስለው፤ መንጋጋው እንዳለ ያውቃል፣ አይሰማውም። ይበላል፣ ጸሎቱን ያደርሳል፣ ሥራ ይገባል። ሌላ ከተማ ያገባችው ልጁ እሁድ እሁድ ትደውልና "አባዬ፣ እንዴት ነህ?" ትለዋለች። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላታል። ምስጋናው ውሸት አልነበረም። ደህና ነኝ ማለቱ ነው እንጂ።

ሥራው የዕፅዋት ምርምር ጣቢያ ውስጥ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመስታወት ቤቶቹን ሲጠብቅ ኖሯል። ውሃ ያጠጣል፣ የየክፍሉን ሙቀት አንብቦ በሩ ላይ በሲባጎ የተንጠለጠለው መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ አርብ አርብ ደግሞ ችግኞቹ ሁሉ እኩል ብርሃን እንዲያገኙ ትሪዎቹን ቦታ ያቀያይራል። አብራው የምትሠራው ሴት ዘር ትዘራለች፣ በየትሪው ጠርዝም የዘሩ ስም የተጻፈበት የፕላስቲክ ምልክት ትሰካለች። ምላሷ ምላጭ ነው። ሰውየውን "ድንጋዩ" ብላ ስም ያወጣችለት እሷ ናት።

"ድንጋይ እንኳ ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል" ትለዋለች ቱቦውን ስታቀብለው። "አንተ ከምን ተፈጠርክ?"

ጣቢያው ውስጥ ምርምሩን የምትመራው ዶክተር ሦስት ዓመት የለፋችባቸው ችግኞች ነበሩ። በቀዝቃዛው ክፍል ተደርድረው በአሥር ትሪ ይበቅላሉ። የዘጠኙ ትሪ ቅጠል መዳፍ ሲያህል፣ የሰባተኛው ትሪ ቡቃያዎች ግን ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጡም፤ ቅጠላቸው ተጨማድዶ አፈሩ ላይ ተለጥፈዋል። ለምን እንደዚያ እንደሆኑ ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም። ዶክተሯ ለስብሰባ በሄደች ሰሞን፣ አንድ አርብ ቦታ ሲያቀያይር ጎንበስ ብሎ አያቸው። እናታቸውን ጭልፊት የወሰደባቸው ጫጩቶች መሰሉት። ትሪውን አንስቶ ከጎን ወዳለው ሙቅ ክፍል ወሰደው። አስቦበት አልነበረም፤ እጁ ነው ያደረገው። መዝገቡ ላይም አልጻፈም።

በሦስት ሳምንቱ ትሪውን ወደ ቦታው መለሰው፤ ዶክተሯ ስትመጣ ሁሉንም እንደነበረ ልታገኘው ይገባላ። አንድ ነገር ብቻ እንደነበረ አልነበረም። ቡቃያዎቹ አድገዋል።

ዶክተሯ ሰኞ ጠዋት ገብታ አየቻቸውና ሁለቱንም ጠራቻቸው።

"ይሄ የኔ ዘር አይደለም" አለች። አልጮኸችም። የሰባተኛው ትሪ ዘር በዚህ ብርድ እንዲህ አያድግም፣ ዘር ተቀላቅሏል ማለት ነው፣ አንዱ ከተቀላቀለ የቀረውንም ማመን አልችልም አለች። ዘር ዘሪዋ ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ አላሳስተውም ብላ ማለች፤ የሚሰማት አልተገኘም። ከሰዓት በኋላ የጣቢያው ኃላፊ ወሰነ። ወሩ ሲያልቅ የሴትየዋ ኮንትራት አይታደስም፤ የሦስት ዓመቱ ዘርም ሐሙስ ይቃጠላል።

ሰውየው ቱቦውን እንደያዘ ቆሞ ሁሉንም ሰማ። መናገር እንዳለበት ገባው። መፍራትም፣ ማፈርም እንዳለበት ገባው፤ ግን ስለማያውቀው ሰው እንደሚወራ ወሬ ነበር የሆነበት። ሴትየዋ በሽተኛ እናት እንዳለቻት ያውቃል። ይህንንም አሰበው፣ አሁንም ምንም አልተሰማውም። ውሃውን አጠጥቶ ቤቱ ሄደ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ማክሰኞ ነጋ፣ መሸም፤ እውነቱ ግን ራሱን ችሎ የሚጠራ አልመሰለም። ረቡዕ ጠዋት ሲጸልይ፣ ይቅር በለኝ የሚለው ላይ ሲደርስ ተደናቀፈ። ሃምሳ ዓመት ያለ እንቅፋት ያለፈበት መንገድ ነበር። ቃሉ እስኪወጣለት ጠበቀ፤ አልወጣም። ጸሎቱን ሳይጨርስ ሥራ ገባ።

ዘር ዘሪዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ የምልክት ሣጥኗን ገልብጣለች። እያንዳንዱን ምልክት በጨርቅ ትወለውላለች፤ የደበዘዘውን በደማቁ ትጽፋለች።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አላት።

"ለምትተካኝ" አለች ቀና ሳትል። "እሷም ታሳስታለች ብለው እንዳያባርሯት።"

ቱቦውን መሬት ላይ አኖረና ዶክተሯ ቢሮ ገባ። "ሰባተኛውን ትሪ ያነሳሁት እኔ ነኝ" አላት። "ሙቁ ክፍል ነው የከረመው፣ ሦስት ሳምንት። ዘሩ የእርስዎ ዘር ነው።"

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ለምን፣ ጋሼ?"

"የበረዳቸው መሰለኝ።"

ዶክተሯ ተነሥታ ቀድማው ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ሄደች፤ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣም አንዱን ችግኝ ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ከሥር ያሉት ቅጠሎች እንደ ድሮው ጥፍር አክለው ተጨማድደዋል፤ ከላይ ያሉት መዳፍ ያህላሉ። ሙቀቱ ከየትኛው ቅጠል ላይ እንደጀመረ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ትንፋሿን ለቀቀች፤ ፊቷ ላይ ያየው ቁጣ ሳይሆን እፎይታ ነበር።

ከዚያ እንደ እኩያዋ አስረዳችው። ተክል ሁሉ በሽታን የሚጠብቅ ዘበኛ አለው አለችው። ከዘበኛው በላይ ደግሞ አለቃ አለ፤ ለዓይን የማይታይ ፕሮቲን ነው። ሥራው ዘበኛውን "ሌባ የለም፣ አረፍ በል" ማለት ነው። የነዚህ አለቃ ተበላሽቷል። ስለዚህ ዘበኛው ሌባ ሳይኖርም ሌት ተቀን ዱላውን እንደያዘ ይዞራል፤ የቤቱ ቀለብ በሙሉ ለሱ ያልቃል፤ ለማደግ የሚተርፍ የለም። በሽታ አይነካቸውም፣ ግን አያድጉም። ሙቀት ሲያገኙ ዘበኛው ይፈዛል፤ ያኔ ያድጋሉ።

"ታዲያ ደግ አደረግኩ?"

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አለች ዶክተሯ፤ አንድ ትልቅ ቅጠልም ገልብጣ አሳየችው። ጀርባው ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ሻጋታ ጀምሮታል። "ዘበኛው ሲፈዝ ሌባው ገባ።"

ቅጠሉን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። "ብርዱ ዘበኛውን ይመልሰዋል?"

"ይመልሰዋል። ያደገው ግን አያንስም።"

መዝገቡን ከሲባጎው ፈትታ ሰጠችው፤ ያነሳበትንና የመለሰበትን ቀን በራሱ እጅ ጻፈ። ዘሩ ከመቃጠል ዳነ። የሴትየዋ ኮንትራት ታደሰ። ለሱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው፤ ፈርሞ ተቀበለ።

ዘር ዘሪዋ ግን አኮረፈችው። በአራተኛው ቀን ቱቦውን ስታቀብለው ነው አፏን የከፈተችው።

"ሁለት ቀን ሙሉ ዝም ብለህ ስታየኝ ከረምክ?"

"አዎ።"

"ምን ይሰማህ ነበር?"

"ምንም።"

ፊቱን መረመረችው። "ዋሽተህ ጨንቆኝ ነበር ብትለኝ ዛሬም አላናግርህም ነበር" ብላው ሄደች።

ዶክተሯ ከሰባተኛው ትሪ ግማሹን ብርዱ ውስጥ ትታ፣ ግማሹን ወደ ሙቁ ክፍል አስወስዳ ነበር፤ ሰውየው ሳያስበው የጀመረውን ሙከራ እስከ መጨረሻው ልትከታተለው ፈልጋለች። በሳምንቱ አርብ ሰውየው ትሪዎቹን ሊያቀያይር ሙቁ ክፍል ገባ። የሻገቱት ቅጠሎች ተቆርጠዋል፤ የቀሩት ለምልመዋል። ጠርዙ ላይ አዲስ ምልክት ተሰክቷል። የማን ጽሕፈት እንደሆነ ከሩቅ አወቀው። ጎንበስ ብሎ አነበበ፤

"ሰባት ለ፦ ድንጋዩ ያሞቃቸው።"

ምልክቱን በጣቱ ዳሰሰው። ደንዝዞ የቆየ እግር ደም ሲመለስበት እንደሚወጋ፣ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ወጋው፤ ደስ የሚል ስሜት አልነበረም። ትሪውን ይዞ እስኪያልፍለት ቆመ፤ አላለፈለትም። "ተመስገን" አለ ቀስ ብሎ፤ ከዚያ ትሪውን ወደ ብርሃኑ አዞረው።