ሰው የሆኑት ፊደሎች

አዴ ቀለሟ ቅቤ ትሸጥ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከጎኗ በርበሬ። ነቀምቴ ገበያ ገብቶ ድምፅዋን ሳይሰማ የወጣ ሰው አላውቅም። ገዢ ቅቤዋን በጣቱ ነክቶ፣ ቀምሶ፣ ፊቱን ካጨማደደ «ኦቦ፣ የኮመጠጠው ፊትህ ነው ወይስ ቅቤዬ?» ትለዋለች፤ ሰውየው አፍሮ ይገዛል። አንዴ ያየችውን ሰው አትረሳም። መልኩን ብቻ አይደለም፣ አረማመዱን፣ ሲከራከር እጁን የት እንደሚያደርግ ጭምር።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ አንድ የገበያ ቀን፣ ሰው በሞላበት፣ «በሎሚ ሠርግ መጽሐፍ የማነበው እኔ ነኝ!» ያለችው። ሎሚ አንድያ ልጇ ናት። በእነሱ፣ በወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያን ሠርግ ሲሆን ከቤተ ዘመድ አንድ ሰው ቆሞ ከቅዱሱ መጽሐፍ ያነባል፤ ያኔ የሚነበበውም በአማርኛ ነበር። ቀለሟ አማርኛውን አሳምራ ትናገረዋለች፤ ሀ ሁ ግን አልቆጠረችም። ምነው ለእኔ ብቻ በጆሮዬ ብላኝ ቢሆን!

ወሬው በማግስቱ ጨለለቂ ሰፈር ደረሰ፣ የሙሽራው እናት ዘንድ። እኚህ ሴት እሁድ እሁድ ትልቅ መጽሐፍ በብብታቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው የሚሄዱ፣ ሰላምታ በቅንድባቸው የሚመልሱ ወይዘሮ ናቸው። «ሸምድዳ ልትቆም ነው። ምንባቡን በዕለቱ እኔው እመርጣለሁ» አሉ። ቄሱም ተስማሙ። ቀለሟ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ግን ያን ቀን ቅቤዋን ለመጣው ገዢ ሁሉ ሳትከራከር ሸጠች። ካላነበበች በልጇና በአማቾቿ ፊት መዋረዷ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ መንግሥት ጎልማሳው ሁሉ ፊደል ይቁጠር ያለበት ዘመን ነበርና፣ ገበያው ሲፈታ ትምህርት ቤት እየሄድን መማር ጀመርን። እኔንም ጎትታ ነው የወሰደችኝ። አስተማሪያችን መርጌታ ተክለጻድቅ ጎጃሜ ናቸው፤ በልጅነታቸው አኮፋዳ አንግተው፣ ውሻ እየተከላከሉ የተማሩ። ለእሳቸው ትምህርት ማለት ተራ ነው፤ ከሀ ተነስቶ እስከ ፐ ማዜም፣ ከዚያ እንደገና ከሀ። ቀለሟ ይህን ከሁላችን ቀድማ እንደ ውሃ ጠጣችው።

ግን መርጌታ በአርጩሜያቸው አንዷን ፊደል ለብቻዋ ሲነኩ፣ «ማ»ን እንበል፣ ቀለሟ ዓይኗን ጨፍና ከሀ ትነሳለች። ቤቱ እንደጠፋበት ሰካራም በር በሩን እያንኳኳች ትመጣና ማ ጋ ስትደርስ ትጮኻለች። አንድ ቃል አንብባ እስክትጨርስ ሰው ቡርቃ ጃቶ ደርሶ ይመለሳል። መርጌታ አንድ ቀን መረራቸውና «ስምሽ ቀለሟ፤ ቀለም ግን የማይገባሽ!» አሉ። ክፍሉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። መንገድ ላይ ግን አለቀሰች።

ቀለሟ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፤ እኔ ደግሞ ሲከፋኝ የሚቀናኝ ቁጣ ነው። «የወለጋን ሰው ሁሉ ከነአረማመዱ ታውቂ የለም እንዴ! እነዚህ እግርና አንገት ብቻ የሆኑ ነገሮች እንዴት ያቅቱሻል?» ብዬ ጮኽኩባት። ለቅሶዋን አቆመች። «ምን አልሽ? እግርና አንገት?»

በማግስቱ ገበያ ላይ ክንዴን ቆንጥጣ ያዘችኝ። «ሸዋጌጥ፣ ባቻን እዪው!» ልብስ ሰፊው ባቻ እንደ ልማዱ ወሬ ለመስማት ብድግ ብሎ፣ አንድ እግሩን የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ እንዳነሳ ቆሟል። «ባ ነዋ! ራሱ ባ!»

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት! ባቻ ሁለት እግሩን ከተከለ በ፣ ጨርቅ በብብቱ ከያዘ ቡ፣ አንድ ጫማ ብቻ ከተጫማ ቢ፣ እግሩ ላይ አልቦ ካጠለቀ ቤ። ባለመነጽሩ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ኦቦ ሞረዳ መ ሆኑ። ጨርቅ ነጋዴው ተረፋ አቡጀዲ ሲለካ ክንዱን ግራና ቀኝ ይዘረጋልና ተ። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የምትሟገተው ቀ ራሷ ቀለሟ ናት። እኔን ደግሞ ሸ አደረገችኝ፤ «ሰ ናት፣ ሻሽ ያሰረች» አለች። ወድጄዋለሁ፣ አልዋሽም።

ነገሩ ወጣ። እኔ ሰው ተቀለደብን ብሎ ይቀየመናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጭራሽ! ባቻ ደንበኞቹን «መጽሐፍ ገልጣችሁ ፈልጉኝ፣ የሌለሁበት ገጽ የለም» ይል ጀመር። ኦቦ ሞረዳ መነጽራቸውን ወልውለው መጡና ለድግስ የሚበቃ ቅቤ ገዙ። ሥጋ ሻጩ ደረሳና ጠላ ሻጯ ድርቤ በደ ተጣሉ፤ ቀለሟ ደን ለእሱ፣ ድን ለእሷ ፈርዳ አስታረቀቻቸው። የቀረው ደግሞ ፊደል ሊለምን ከቅቤዋ ፊት ተሰለፈ።

መርጌታ የሰሙት ከሁሉ በኋላ ነው። ሰሌዳው ላይ «ቤት» ብለው ጽፈው ቀለሟን አስነሷት። «ባቻ አልቦውን አጥልቆ ተረፋ ዘንድ» ብላ አንሾካሾከችና «ቤት!» አለች፣ ዓይኗን እንኳ ሳትጨፍን።

«ምንድን ነው የምታጉረመርሚው?» አሉ። ሁሉንም ነገረቻቸው። «ፊደልን ገበያ አወጣሽው! አልቦ አጠለቅሽለት!» ብለው አርጩሜውን ወረወሩት።

«እርስዎስ መርጌታ፣ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ እያሉ አይደለም ያስተማሩን? እርስዎ እሳትና ንጉሥ አሉ፤ እኔ የማውቀው ባቻን ነው።»

እውነቷን ነው። ድምፃቸው አንድ የሆነውን ሁለቱን ሰ ለመለየት ስም ያወጡት የጥንት አባቶች ናቸው። መርጌታ ሄደው የወረወሩትን አርጩሜ አነሱ። «ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ንጉሡን ሠ ግን ለማንም እንዳትሰጪ! ንጉሥ አንድ ነው፤ ታሳስሪናለሽ።» ቀለሟም ታዛ ሠን ያለ ሰው ተወችው።

ሠርጉ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ፊደሎቹ በሙሉ ታጥበው፣ ተቀብተው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። መርጌታ ኦርቶዶክስ ናቸውና በሩ ላይ ቆመዋል፣ አንድ እግራቸው ከውስጥ፣ አንዱ ከውጭ። የሙሽራው እናት ያንን ትልቅ መጽሐፋቸውን ገለጡና ጣታቸውን ጣል አድርገው «እዚህ ጋ» አሉ።

ቀለሟ ጀመረች። ገጹን ታያለች፣ አግዳሚውን ታያለች፣ ታነባለች። ኦቦ ሞረዳ ተራቸው በደረሰ ቁጥር መነጽራቸውን ያስተካክላሉ። እኔም ሻሼን ነካ ነካ አደርጋለሁ። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነው። ከዚያ «ት... ዕ... ግ...» አለችና ቆመች።

ቀጥሎ የመጣው ሰው ያልተሰጠው ፊደል ነው። ሎሚ በሙሽራ ልብሷ እንዳለች ጉንጯ ነጣ። የአማቷ ቅንድብ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ልጮኽላት ፈለግሁ፤ ለካ እኔም ረስቼዋለሁ! ቀለሟ ዓይኗን ልትጨፍን፣ እንደ ድሮዋ ከሀ ልትነሳ ስትል ከበሩ ኮቴ ተሰማ። መርጌታ ናቸው። ሙሉ በሙሉ ገቡ። ጋቢያቸውን ለቀቁና ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርገው አነሱ፣ ራሳቸው በመካከል። ቁርጥ ሠ!

ከፊት ያሉ አንድ ሽማግሌ መርጌታ ጌታን የተቀበሉ መስሏቸው «ሃሌ ሉያ!» ብለው እጃቸውን አነሱ። ምእመኑ ተከተለ። ቤተ ክርስቲያኑ ዳር እስከ ዳር ሠ ሆነ።

«ትዕግሥት!» ብላ ጮኸች ቀለሟ። እልልታው ጣራውን ሊያነሳው! ንጉሡን ለማንም እንዳትሰጪ ያሉት ሰው ራሳቸው በሕዝብ ፊት ነገሡ። እሷም እስከ መጨረሻው አነበበች፤ ሎሚ ቄሱን ሳታስፈቅድ ሮጣ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እኔ እያለቀስኩ ስስቅ ባቻ ማን ሞተ ብሎ ጠየቀኝ።

ግብዣው ሲጋጋል የሙሽራው እናት ቀለሟን እጇን ይዘው ከዳሱ ጀርባ ወሰዷት። ሊጣሏት ነው ብዬ በበርበሬ ዋጋ እንደምሟገት ሆኜ ተከተልኩ። ሴትየዋ ግራ ቀኝ አዩ። መጽሐፉን ከብብታቸው አውጥተው ገለጡት፤ ቅድም ቀለሟ ወዳላነበበችው ገጽ። «ኦቦሌቲ ኮ» አሉ፣ እህቴ ማለታቸው ነው፤ ድምፃቸው አይሰማም ማለት ይቻላል። «ትዕግሥት የምትለዋ የቷ ናት? አሳዪኝ።»

ያን ቀን ሙሉ ስትስቅ የዋለችው ቀለሟ አልሳቀችም። ገጹን ፈልጋ አገኘችና ባለቀለበቱን ጣታቸውን ይዛ ቃሉ ላይ አሳረፈችው። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ አላነሱትም።

«ሰኞ ይምጡ» አለቻቸው። «ክፍል ውስጥ ከጎኔ ቦታ አለ።»

ቦታው የእኔ ነበር። ምን እላለሁ፣ ተነሳሁላቸው።