ሐናን በአቤሴዴ ተራ

ትናንት በእረፍት ሰዓት ሐጂ ዩሱፍ አንድ ካርቶን ሐላዋ ታቅፈው ትምህርት ቤታችን መጡ። ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር ሱቅ ያላቸው የሐረር ሰው ናቸው። ልጃቸው አብዱልአዚዝ ሰባተኛ ክፍል እኔ ጋ ነው የሚማረው። ሐላዋውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና የልጁን ካርድ ከኪሳቸው አወጡ። ከክፍሉ አንደኛ ወጥቷል ይላል።

እንኳን ደስ ያለዎት ልላቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ቲቸር፣ እኔ ልጄን አውቀዋለሁ። ይሄ ወረቀት ነው የማያውቀው።»

ሐላዋው ለምን ታዲያ ብላቸው፣ ድንገት እውነት ከሆነ ባዶ እጄን እንዳልመጣ ብዬ ነው አሉ። ሳቅኩ። ካርዱን ተቀብዬ ሳየው ግን ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ። ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ አማርኛ... ቁጥሮቹን አውቃቸዋለሁ። የሐናን ናቸው።

ሐናን ማለት የክፍሌ አንደኛ ናት። እናቷ ሄሮን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ የፈረንጅ ቤት ተቀጥራ እዚያው ነው የምታድረው፣ የምትወጣው አርብ አርብ ብቻ ነው። ልጅቷ ዘመድ ጋ ሆና ትማር ነበር። እናትየዋ ስታስመዘግባት አንድ ነገር ነግራኛለች፤ ጎበዝ እስከሆነች ድረስ ለፍቼ አስተምራታለሁ፣ ከወደቀች ግን አብራኝ ትሠራለች። ሐናን ይህን ስለምታውቅ ወድቃ አታውቅም።

ዘንድሮ በእጅ ሮስተር መሥራት ቀረ ተባለ። ሁሉም በኮምፒውተር ሆነ። ቢሮው እንደ አገሩ ደንብ የተማሪዎቹን ስም በፈረንሳይኛ ፊደል አስገብቶ አስረከበን። እኔ ያንን ማሽን ስለምፈራው የሒሳብ አስተማሪው ጋሽ ታደሰ ሊያግዙኝ ተቀመጡ። እኔ ከወረቀቴ አነባለሁ፣ እሳቸው በሁለት ጣት እየፈለጉ ይጽፋሉ። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ... መብራቱም ጠፍቶ ይመጣል።

«ስሙን ተይውና ቁጥሩን ብቻ በይኝ፣ ቶሎ እንገላገል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው አልኩ። እኔ ቁጥር ብቻ እየጠራሁ፣ እሳቸው ወደ ታች እየወረዱ የሁሉንም ትምህርት ሞላን። መጨረሻ ላይ ቁጥሩና ስሙ እኩል ሲያልቅ እንዴት ደስ እንዳለን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

የኔ ወረቀት በሀሁ ተራ ነበር። ሐናን መጀመሪያ፣ አብዱልአዚዝ ወደ መጨረሻ። የኮምፒውተሩ ደግሞ በፈረንሳይኛው ፊደል ተራ፣ በአቤሴዴ ነው... አብዱልአዚዝ መጀመሪያ፣ ሐናን መሀል ላይ። የሐናን ውጤት ለአብዱልአዚዝ ሄደ፣ ለሐናን የአንድ ሰነፍ ልጅ ውጤት ደረሳት። ክፍሉ በሙሉ ተዘበራርቋል።

ሐናን ካርድ ከተሰጠ ወዲህ ክፍል አልመጣችም ነበር። አሟት ነው ብዬ ዝም ብያለሁ። ጋሽ ታደሰ አስተካክለው አዲስ ካርድ አተሙልኝ፣ ታክሲ ይዤ እናቷ ወደምትሠራበት ቤት ሄሮን ሄድኩ።

በሩን የከፈተችልኝ ራሷ ሐናን ናት። ሽርጥ ታጥቃለች፣ እጇ ሳሙና ነው።

«እማዬን ልጥራልዎት ቲቸር?» አለችኝ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ።

እናቷ ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት። ሀሁን፣ አቤሴዴን፣ ስሙን ትተን ቁጥሩን ማንበባችንን... እሷም ሐናን የመጀመሪያውን ካርድ ባየች ጊዜ ይሄ የኔ አይደለም ብላ መሬት ላይ ተንከባላ ስታለቅስ እንደነበር ነገረችኝ።

«በእጅ የተጻፈ ቢሆን ተሳስተው ነው እል ነበር። ማሽን ምን ቆርጦት ይዋሻል ብዬ ነው የመታኋት።»

ከዚያ አዲሱን ካርድ እጄ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«ያም የማሽን ነው፣ ይሄም የማሽን ነው። ስለሚወዷት አሳዝናዎት ያሠሩላት ነው ቲቸር። አላህ ይስጥልኝ... የቤቱ ማዳምም ለምዳታለች።»

ማልኩላት። ሰው ሲያልፍ ሲያገድም እያየኝ በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሐናን ከእናቷ ኋላ ሆና ሁሉንም ሰምታለች፣ አንደኛ መውጣቷንም ሰምታለች። ማዳም ከውስጥ ስትጣራ ከእናቷ ቀድማ ሮጠች። እንዲህ ቶሎ መልመዷ ነው አንጀቴን የበላው።

ጋሽ ታደሰ አርብ አብረን ሄደን እንለምናታለን ይላሉ። እሄዳለሁ፣ ግን ተስፋ የለኝም። አንዴ የታተመን ነገር በምን አፌ ላስተባብል? ሐላዋውም እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ማንም አልነካውም።

ዛሬ ጠዋት ስም ስጠራ እንደ ልማዴ ከሐ ጀመርኩ... አቤት የሚል ጠፋ።