በደቡብ ነፋስ የተሰጠ ቃል

ዴሳ ስትቀመጥ ያያት ሰው የለም። የማሊ ስቶን ወደብ ሰዎች «እናቷ ጀልባ ላይ፣ ያውም ማዕበል ሲነሣ ነው የወለደቻት» ይሏታል። ቡናዋን እንኳ ቆማ ነው የምትጠጣው።

እንጀራዋ ግን የተቀማጭ ሥራ ነው። ኦይስተር ታረባለች። በሁለት ዛጎል መሐል ያለው፣ ሎሚ ተጨምቆበት በጥሬው የሚበላው ይህ የባሕር ሥጋ፣ ለገበያ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ትንንሾቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ገመድ ላይ በሲሚንቶ መለጠፍ፣ ሲደርቅ ከተንሳፋፊ በርሜል አንጠልጥሎ ባሕር ውስጥ መልቀቅ፣ ዙሪያውን በመረብ ማጠር፣ ከዚያ መተው። ዴሳ እስከ ዛሬ ያልለመደችው ይህንን መተው የሚሉትን ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ «አንቺ ሴት፣ ቆፍረሽ እያየሽ ዘር አይበቅልም» እያለ ይገታት ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ የሚገታት ጠፋ።

መረቡ የሚታጠረው ኦራዳ እንዳይገባ ነው። ኦራዳ ጥርሰ ብርቱ ዓሣ ነው፤ ዛጎል እንደ ሽምብራ ቆሎ ይቆረጥማል።

በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ለሚውለው ለቅዱስ ዮሴፍ በዓል እንግዶች ሊመጡላት ነበር። ነገሩን ያመጣው ኦርሳት ነው፤ ከተራራው ማዶ ወይን የሚተክል፣ ሴት ልጇን ክርስትና ያነሣ አበልጇ። ሚርታ የምትባል የዛግሬብ አስጎብኚ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይዛ ልትመጣ ተስማምታለች። የእሱን ወይን ከዴሳ ኦይስተር ጋር ቀምሰው ከወደዱት፣ ሚርታ ወቅቱን ሙሉ እንግዳ ታመጣለች፤ ካልወደዱት የሌሎች ወደቦች መንገድ ክፍት ነው።

ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ዩጎ ተነሣ። ዩጎ እርጥብ የደቡብ ነፋስ ነው። ባሕሩን ያደፈርሳል፣ ራስ ያዞራል፣ ባልና ሚስት ያጣላል። የጥንት ሹማምንት ዩጎ ሲነፍስ ሸንጎ አይቀመጡም ነበር ይባላል። ዛሬም መሬት የሚሸጥና ልጅ የሚድር ሰው ነፋሱ እስኪያልፍ ይጠብቃል።

ዴሳ ግን መጠበቅ አታውቅም። ለበዓሉ ያቆየችውን ገመድ ልታይ ጀልባዋን አስነሥታ ወጣች። ገመዱን ስትስበው ቀለለባት። ሲሚንቶው አለ፤ የተለጠፈው ግን ስብርባሪ ነው። ሁለተኛውም ያው። ነገሩ ወዲያው ገባት። በቀደም «ደኅና ናቸው ወይ» ብላ መረቡን ፈትታ ስታገላብጥ ነበር የዋለችው። መልሳ እስክታስረው ኦራዳ ገብቷል።

ኦርሳት ወይኑን በመኪና ጭኖ ሲደርስ ወደቡ ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል አገኛት።

«ምነው አበልጄ፣ ፊትሽ ዩጎ መሰለ?»

«ያንተ ደግሞ በርሜል መስሏል። ና ይህን እይ።»

ስብርባሪውን አገላብጦ አየ። «ጎረቤት አይሰጥሽም?»

«የሁሉም ለበዓሉ ተሽጧል። የእኔ የተረፈው ደግሞ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ አንድ ቢደርሰው ነው።»

«ስፕሊት ከተማ ኦይስተር ከፈረንሳይ የሚያስመጣ ሰው አውቃለሁ። በጭነት መኪና ይደርሳል። የእነዚህ እንግዶች ምላስ አገር አይለይም።»

«የእኔው ነው ብዬ ላቅርብ?»

«ምንም አትበይ። እኔ ወይኑን ስቀዳ ወሬው ወደ እኔ ይዞራል።»

«አንተማ ስትቀዳ ወሬው መቼ ያልቃል።» ወደ ደፈረሰው ባሕር አየች፤ ነፋሱ ግንባሯን ይመታታል። «እሺ፤ አስመጣ።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ እግሯ አላርፍ አለ። የታጠበውን ጠረጴዛ አጠበች፤ የተሳለውን ቢላዋ ሳለች። በእሷ ቤት ልማድ የመጀመሪያውን ዛጎል የምትከፍተው እሷ ናት፤ ከየትኛው ገመድ እንደወጣ ተናግራ ራሷ ትበላዋለች፣ ከዚያ እንግዳ እጁን ይዘረጋል። እናቷም እንዲሁ ነበረች። ታዲያ የፈረንሳዩን ከየትኛው ገመድ ነው ልትል?

ሲነጋ ነፋሱ ዞሮ ቡራ ሆነ፤ ከሰሜን የሚወርደው ደረቁና ቀዝቃዛው። ባሕሩ እንደ መስታወት ጠራ። ዴሳ ለቁርስ ሳትቆም ወደ መረቡ ቀዘፈች፤ ጎንበስ ብላ አየች። ታች፣ መረቡ ውስጥ፣ ወፋፍራም ኦራዳዎች ሆዳቸውን ሞልተው ይንሸራሸራሉ። አጥሩን ስታስር እላያቸው ላይ ዘግታባቸው ኖሯል። ትናንት ድፍርሱ ሸፍኗቸው ነው።

ስልኳን አወጣች። «ኦርሳት፣ የፈረንሳዩን አስቀርልኝ።»

«የቱን?»

«ትናንት ያዘዝከውን ነዋ።»

«በዩጎ ቀን የሚያዝ ሞኝ አለ እንዴ? ቡራ እስኪመጣ ስጠብቅ ነበር። እንዲያውም ቃልሽ እንደጸና ልጠይቅሽ አሁን ልደውልልሽ ነበር።»

«ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ስታሳጣኝ?»

«አንቺ መቼ ተኝተሽ ታውቂያለሽና።»

በበዓሉ ቀን ዴሳ የመጀመሪያውን ዛጎል ከፈተች። «ይህ ከሦስተኛው በርሜል ገመድ ነው» አለችና በላች። «ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ አለ። የቀረውን የበላው እሱ ነው» ብላ ፍም ላይ የሚንጨረጨረውን ኦራዳ በቢላዋዋ አሳየች። «ሦስት ዓመት የደከምኩበትን ተቀልቧል። አሁን ተራው የእናንተ ነው።»

እንግዶቹ ሳቁ። ከዚያ በሉ፤ ከዚያ ጣታቸውን እየላሱ በሉ፤ ኦርሳትም ነጩን ወይን እየቀዳ ለዚያች ቀን የሚናገረው ጠፋው። ሚርታ አጥንቱን ስትለቅም ቆይታ ቀና አለች።

«ወይዘሮ ዴሳ፣ የሚያዝያ ቡድን አለኝ። ያን ጊዜም ይህ ዓሣ ይኖራል?»

«እግዜር አያምጣው። በሚያዝያ ኦይስተሩን ትበላላችሁ፤ የጎረቤቶቼ ገመድ ያን ጊዜ ይደርሳል፤ የእነሱ መሆኑንም እነግራችኋለሁ።»

«ይሁን፤ እንመጣለን። አሁን ግን እባክዎ ይቀመጡ፣ አብረን እንብላ።»

ዴሳ ወንበር ሳበች፤ ተቀመጠችም። ኦርሳት ብርጭቆዋን ሞልቶ ቀና ሲል ወንበሩ ባዶ ነው። የመረቡን ቋጠሮ ልታይ ወርዳለች።

«አትፍቺው!» ብሎ ጮኸባት።