ሐረጎን የወጣው ባቡር

ወፍጮዬን ያስዘጋብኝ ዋርሳዬ፣ የሟቹ ባለቤቴ ታናሽ ወንድም መምህር አሰፋ ነው። ያስዘጋብኝም አብዮቱ በፈነዳ በሦስተኛው ዓመት፣ ገበሬው አዲስ እህል ይዞ በሚሰለፍበት ወር ነው። ወፍጮ ቤቴ ባለበት ኮምቦልቻ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ቤቱ በጣሊያን ጊዜ ከደሴ ኮምቦልቻ ይመላለስ የነበረው አጭር የባቡር መስመር ጣቢያ ነበር፣ ስለዚህ የመንግሥት ንብረት ነው አለ። ሽማግሌዎች ጠይቄ አረጋግጫለሁም አለ። በማግስቱ በሩ ታሸገ። ሌላ መተዳደሪያ አልነበረኝም።

አቤት አልኩ። የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ስሙን አልጽፍም፣ ለአገሩ አዲስ ሰው ነው።

«መምህሩ ጣቢያዎቹን አንድ በአንድ ያሳይዎት። ከሌሉ ወፍጮዎን እከፍታለሁ» አለኝ። ከዋርሳዬ ጋር መንገድ የወጣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ደሴ፣ መነሻው

የመጀመሪያው ጣቢያ ሆጤ ሰፈር፣ የራሴ ጓሮ ሆኖ ተገኘ። መምህር አሰፋ አሮጌው የሲሚንቶ እርከን ላይ ወጥቶ ከረባቱን አስተካከለ።

«እትዬ፣ መንገደኛ የሚሳፈረው እዚህ ላይ ነበር።»

«ትናንት አንሶላ ያጠብኩበት ላይ?»

«ታሪክ በአንሶላ አይለካም።»

ያንን የልብስ ማጠቢያ ያሠራው የገዛ ወንድሙ ነው። ሲሚንቶውን በባልዲ ሲያቀብል የዋለውም እሱ ራሱ ነበር።

የአውቶቡሱን ለሁለታችንም የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ግን እሱ ነው። መተላለፊያውን ከደሴ ዙሪያ የመጡ ሴቶች በድንችና በጎመን ሞልተውት ስለነበር ጉልበቴን ጆንያ ላይ ሰቅዬ ተጓዝኩ። እሱ ጉሙን እያየ ያፏጫል።

ሐረጎ

ሐረጎ ዳገት አናት ላይ ሁለተኛው ጣቢያ አለ ስላለ ወረድን። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ እንጂ ሌላ የለም። ቁልቁል ስናይ አንድ የጭነት መኪና ጥምዝምዙን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል።

«ይህንን ዳገት ባቡር እንዴት ወጣው?»

«የጣሊያን ባቡር ነዋ!»

በሬውን ያግድ የነበረ ሽማግሌ ወደ እኛ መጣ። ሸህ ይማም ይባላል፤ የቆየ ደንበኛዬ ነው።

«የባቡሯ እመቤት! ደህና ነሽ?»

ዋርሳዬ ዘለለ። «ሰሙ? ባቡር አሉ!»

«ሸህ ይማም፣ ባቡር በዚህ ያልፍ ነበር?» አልኩ።

«ወላሂ፣ ምን እግር አለውና ያልፋል? እኛው ነን እንጂ ማሽላችንን በአህያ ጭነን ወደሱ የምንወርድ። ይኸ አስተማሪ ባለፈው መጥቶ ባቡር ታውቃለህ ቢለኝ፣ አሳምሬ አልኩት። መገናኛው የት ነው ቢለኝ፣ መንገዱ ሁሉ ኮምቦልቻ ባቡሩ ደጅ ይገናኛል አልኩት። ዋሸሁ?»

አልዋሸም። በእኛ አገር የሞተር ወፍጮ ባቡር ይባላል። መምህር አሰፋ ይህን አጥቶት አይደለም፤ ጥርስ ያበቀለው ከዚያ ባቡር በወጣ ዱቄት ነው።

«ኮምቦልቻ ወርደው ይመሰክሩልኛል?»

«አብሽሪ እህቴ፣ በሬዬን ላስርና።»

ሦስታችንም በአንድ የጭነት መኪና ወረድን። ዋርሳዬ ማፏጨቱን ተወ።

ኮምቦልቻ፣ መገናኛው

ሙቀቱ ከደጋው መውረዳችንን ነገረን። የታሸገው የወፍጮ ቤቴ በር ፊት ገበሬዎች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል። አንዲት ሴት ዘበኛውን «ባቡሩ መቼ ነው የሚነሣ?» ስትለው ሊቀ መንበሩ ሰምቶ ደስ አለው።

«ይኸው፣ ሕዝቡ ራሱ መሰከረ!»

«ጆንያውን የት ሊያሳፍረው ነው ልጄ?» አለ ሸህ ይማም፤ ነገሩንም ከሥሩ አስረዳው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሊቀ መንበሩ አልሳቀም። እኔን ለብቻ ጠራኝ።

«እማማ፣ ታሪኩ ወደ ላይ ተልኮ ተመስግኜበታለሁ። አሁን ወፍጮ ነበር ብዬ ልጻፍ?»

«ቃል ገብተውልኝ ነበር።»

«ጣቢያ ነው» አለ፤ አለቀ።

ዋርሳዬ መኪና ድረስ ሸኘኝ። የመጣበትን እዚያ ተናገረ።

«እትዬ፣ ቀበሌው ወፍጮውን ሊያስነሣው ነው። ኃላፊው እኔ ነኝ። ማኖቬላውን ቤት ወስደውታል መሰለኝ።»

ወስጄዋለሁ። ሞተሩ የሚነሣው በዚያ ብረት እየተዘወረ ነው፤ የስብሰባውን ወሬ በሰማሁ ዕለት አልጋዬ ሥር አስገብቼዋለሁ።

«ባቡር ጣቢያ ማኖቬላ ምን ያደርግለታል?» ብዬው ተሳፈርኩ።

ሲመሽ ሆጤ ገባሁ። ሐዲድ የሌለው ባቡር ሐረጎን እንደሚወጣ በዚህ መንገድ ተምሬያለሁ፤ የሚያስፈልገው አንድ የተማረ ሰውና አንድ ምስጋና የሚወድ ሹም ነው። ወፍጮ ግን እንዲህ በወሬ አይነሣም። ዋርሳዬም ለባቡር ጣቢያ የወፍጮ ዕቃ ይገዛልኝ ብሎ ወደ ላይ መጻፍ አልቻለም።

በሳምንቱ ማኖቬላውን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ ለሸህ ይማም ወሰድኩለት። ሐረጎ ጣቢያ ላይ መሬት ተክሎት በሬውን ያስርበታል። እኔ ደጄ ላይ ቅቅል ድንች እሸጣለሁ።