ስማቸው የሚጠራ ጅቦች

ትናንት ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ሰዉ ከየሱቁ ግር ብሎ ወጣ፤ ቀኝ እጄም ሳላውቀው ተጨበጠ።

ድሮ እንዲህ ያለ ጩኸት ስሰማ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ክፍል ውስጥ «የበግ መንጋ፣ የንብ መንጋ፣ የጅብ መንጋ» እያልን ስንጽፍ አርፍደን ስንመለስ፣ ጊደር መጋላ ገበያ ላይ በግ ሰረቀ የተባለ ሰው በዱላና በእርግጫ ይቀጠቀጣል። ጥርሱ ከደሙ ጋር ደረቱ ላይ ወረደ። ሌላው ሲወረውር አይቼ እኔም ድንጋይ ወረወርኩ፤ ግንባሩን አገኘሁት። ሁለተኛውን ሳነሳ ጅብ የሚመግቡት ጎረቤታችን አው ሙሳ እጄን ለቀም አደረጉኝ። እጃቸው ጥሬ ሥጋ ይሸታል።

«ምን አደረገሽ?»

«ሁሉም እየመታው ነው!»

«ሰው ጅቦቼን መንጋ ይላቸዋል። ወላሂ፣ እኔ አንድ በአንድ በስማቸው ነው የምጠራቸው። ስሙን ያልጠራሁት ሥጋዬን አይነካም። አንቺን ማን ጠራሽ?»

ሰውየውን በጋሪ ወሰዱት፤ ይዳን ይሙት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ትናንትም ማንም አልጠራኝም። ጭብጤን ስፈታ የሱቄ ቁልፍ መዳፌ ላይ ታትሟል። አደባባዩ መሃል፣ ከሰዉ ሁሉ ቀድሜ መቆሜን ያወቅኩት ያኔ ነው።